የልጄ ጥርስ ይነቀል ወይስ አይነቀል? ግራ ገብቶኛል

ሰላም ናችሁ? የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ ነው። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። የላይኛው ክራንቻዋ ቦታ አጥቶ ድዷ ላይ ከፍ ብሎ ወጥቷል። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው።

ሁለት ሐኪም ጋ ወሰድኳት። አንዱ ከክራንቻ ቀጥለው ያሉት 4 ጥርሶች ካልተነቀሉ ቦታ አይገኝም አለኝ። አፏን በመስታወት አየ፣ ወሰነ፣ አለቀ! ራጅ የለ፣ የጥርሷን ልክ መውሰድ የለ። ሌላዋ ደግሞ የላይኛውን መንጋጋ በማስፋት ሳይነቀል ሊሞከር ይችላል፣ ግን መጀመሪያ ከጎን የሚነሳ የራስ ቅል ራጅ አምጪ አለችኝ።

ጤነኛ ጥርስ ማስነቀል ያስፈራኛል። አንዴ ከወጣ አይመለስም። ሳይነቀል ደግሞ ጥርሶቿ ወደ ፊት ገፍተው ከንፈሯ አልገጥም ቢልስ?

ሙያው ያላችሁ ወይም በዚህ ያለፋችሁ፣ ስንት ሚሊሜትር ቦታ ሲጎድል ነው መንቀል የሚሻለው? ያለ ራጅስ መወሰን ይቻላል? ጥርሷን የሚያስተካክለው ሽቦ 2 ዓመት ገደማ ይቆያል ተብያለሁ። በየወሩ የሚያጠብቅላት ሐኪም ሐዋሳ አለ ወይስ አዲስ አበባ መመላለስ ነው? ዕቁቤ በሚቀጥለው ወር ይወጣልኛል፤ ከዚያ በፊት ልቤ ቢቆርጥ ደስ ይለኛል።