ከአሌክሳንድሪያ ወደ ዲሲ ለተዛወረ ውሻ፦ ወደ ሻው የውሻ መናፈሻ ለመግባት የትኛው ክትባትና ላይሰንስ ያስፈልጋል?

የቦቢ አሳዳጊ
ሰላም ለሁላችሁ። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሻው ሰፈር ተዛውረናል። ቦቢ 3 ዓመቱ ነው፤ ተኮላሽቷል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና የቨርጂኒያ ላይሰንስ አለው። ሁለተኛዋ የ11 ሳምንት ቡችላ ናት፤ በ8 ሳምንቷ አንድ ዙር ተከትባለች። 11ኛ ጎዳና እና ሮድ አይላንድ አቬኑ አጠገብ ወዳለው የውሻ መናፈሻ ላይሰንስ የሌለው ውሻ አይገባም ተባልን። የቨርጂኒያው ይሠራል? ካልሠራ ምን ወረቀት፣ ስንት ዶላር? ቡችላዋስ መቼ ትገባለች?

ወረቀት በእጄ
እህቴ፣ የቨርጂኒያው እዚህ አይሠራም። ላይሰንስ የሚወጣው ውሻው በሚኖርበት ከተማ ወይም ካውንቲ ነው። ዲሲ ውስጥ 4 ወር ያለፈው ውሻ ሁሉ ከዲሲ ጤና መምሪያ ላይሰንስ ማውጣት አለበት፤ ማመልከቻው በኦንላይን ይሞላል። ክፍያው ለተኮላሸ ወይም ማህፀኗ ለወጣ ውሻ 15 ዶላር፣ ላልሆነው 50 ዶላር ነው። የ15ቱን ዋጋ ለማግኘት የቀዶ ሕክምናውን ማስረጃ አያይዢ። ወረቀቱ ከጠፋ ክሊኒኩ መርምሮ ደብዳቤ ሊጽፍልሽ ይችላል፤ ከመጠለያ የተወሰደ ውሻ ከሆነ ደግሞ የርክክቡ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል።

ከቨርጂኒያ የሚመጣ ሰው የሚሰናከልበት ሌላ ቦታ ነው። ቨርጂኒያ ለላይሰንስ የምትጠይቀው የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ብቻ ነው፤ ዲሲ ግን ዲስቴምፐር የሚባለውን ተላላፊ የውሻ ቫይረስ በሽታ ክትባት ማስረጃም ትፈልጋለች። ሰዉ ያንን አንድ ሰርተፍኬት ብቻ ይልክና ማመልከቻው ይጓተትበታል። ሁለቱንም አብረሽ ላኪ።

ክሊኒክ ውስጥ የምሠራ
ወረቀቱን ከመላክሽ በፊት እንዲህ ፈትሺው። የእብድ ውሻ በሽታ ሰርተፍኬት ላይ የክትባቱ አምራች፣ የምርት ቁጥሩ፣ የተሰጠበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን እና የሐኪሙ ፊርማ መኖር አለበት። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው የክትባት ብረትም ሆነ የክፍያ ደረሰኝ ሰርተፍኬትን አይተካም። በደም ምርመራ የሚገኝ የመከላከያ መጠን ውጤትም ክትባቱን አይተካም።

"ዲስቴምፐር" የሚለውን ቃል መዝገቡ ላይ ላታገኚው ትችያለሽ። ዲኤችፒፒ፣ ዲኤፒፒ ወይም ዲኤ2ፒፒ ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ የመጀመሪያዋ ፊደል ዲስቴምፐር ናት። ቀሪዎቹ ለጉበት በሽታው ቫይረስ፣ ለፓርቮ (አንጀት የሚያጠቃ ቫይረስ) እና ለፓራኢንፍሉዌንዛ (የመተንፈሻ ቫይረስ) ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ደግሞ ይኸውልሽ፦ የመጀመሪያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠርሙሱ ላይ "3 ዓመት" ቢልም የሚቆጠረው ለ1 ዓመት ብቻ ነው። በዓመቱ ማጠናከሪያው ከተሰጠ በኋላ ነው እንደ ክትባቱ ዓይነት 1 ወይም 3 ዓመት የሚሆነው። የመጀመሪያው ክትባት ጸንቶ የሚቆጠረውም ከ28 ቀን በኋላ ነው፤ ማጠናከሪያው ግን ከተወጋበት ዕለት ጀምሮ ይቆጠራል።

የቡችላ ነገር
ስለ ትንሿ ልመልስ። ቡችላ ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ እስኪጠፋ ድረስ ክትባቱን ያከሽፍበታል። የሚጠፋበት ሳምንት ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል፤ በየ2 እስከ 4 ሳምንት መደጋገም ያስፈለገው ለዚህ ነው። የመጨረሻው ዙር በ16ኛው ሳምንት ወይም ከዚያ በኋላ መሆን አለበት። በ12 ሳምንት "ጨርሳለች" ተብሎ ወደ መናፈሻ የሚወሰድ ቡችላ ነው በፓርቮ የሚያዘው። እባክሽ እዚህ ላይ አትቸኩዪ፤ ፓርቮ ቡችላን በጥቂት ቀን ውስጥ ይገድላል።

ለአንቺ ሲሰላ፦ በ12ኛው ሳምንት ሁለተኛው ዲኤችፒፒ ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጋር፤ በ16ኛው ሳምንት የመጨረሻው ዲኤችፒፒ። በዚያው ሳምንት የእብድ ውሻው 28 ቀን ይሞላል። ሰውነቷ መከላከያውን እንዲሠራ ሁለት ሳምንት ጨምሪ፤ 18ኛ ሳምንት ላይ 4 ወር አልፏታልና ላይሰንሷንም ታወጪያለሽ። እስከዚያው አቅፈሻት መንገድ ላይ ዙሪ፣ ሰውና የመኪና ድምፅ ትልመድ፤ ክትባታቸውን ከጨረሱ ውሾችም ጋር ቤት ውስጥ ትጫወት። ብዙ ውሻ የሚጸዳዳበት አፈርና ሣር ላይ ግን አታውርጃት፤ የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ ሳሙናም አይገድለውም። ወለል ከተበከለ መጀመሪያ ቆሻሻውን አጥበሽ፣ 1 እጅ በረኪና በ32 እጅ ውሃ በጥብጠሽ 10 ደቂቃ አቆዪበት።

ወረቀት በእጄ
መናፈሻው ውስጥ የላይሰንሱ ብረት በኮላሩ (በአንገት ማሰሪያው) ላይ መታየት አለበት። ደረት ላይ በሚታሰረው ማሰሪያ ላይ አንጠልጥሎ ቤት ረስቶት የሚወጣ ሰው ብዙ ነው፤ ከአንገቱ በማይወልቀው ላይ እሰሪው። ገመዱን በሁለቱ በሮች መካከል ፍቺ፤ ነፃ በሆኑ ውሾች መሃል ታስሮ የሚገባ ውሻ መሸሽ ስለማይችል ይጨነቅና ይናከሳል። ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ላይ ያለች ሴት ውሻ አትገባም። ምግብም ይዘሽ አትግቢ፣ ለጠብ መነሻ ነው።

ሮክ ክሪክ
አንድ ነገር ልጨምር። ዲሲ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ቦታ ሁሉ የከተማው አይደለም። ሮክ ክሪክ ፓርክ፣ ሜሪዲያን ሂል፣ ከእናንተ ቅርብ ያለው ሎጋን ሰርክልም ጭምር የፌዴራሉ ብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ናቸው። እዚያ የከተማው ላይሰንስ ቢኖርም ውሻ አይለቀቅም፤ ገመዱም ከ6 ጫማ፣ ማለት 1.8 ሜትር ገደማ፣ መብለጥ የለበትም። የሚሳብ የሚለቀቀውን ገመድ ከያዛችሁ በዚያ ርዝመት ቆልፉት።

ክሊኒክ ውስጥ የምሠራ
ለላይሰንስ የማይጠየቁ፣ ግን መናፈሻ ለሚሄድ ውሻ የምመክራቸው ሁለት ክትባቶች አሉ። ሌፕቶስፓይሮሲስ በአይጥ ሽንት በተበከለ ኩሬ ውሃ ይተላለፋል፤ ኩላሊትና ጉበት ይጎዳል፣ ወደ ሰውም ይጋባል። አይጥ በሚበዛበት ከተማ ይህን መተው አይገባም። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ልዩነት 2 ጊዜ፣ ከዚያ በየዓመቱ ይሰጣል። ሌላው የውሾች ሳል ነው፤ በአፍንጫ የሚጨመረው አንድ ጊዜ ይበቃል፣ በየዓመቱ ይታደሳል።

የእብድ ውሻውን ክትባት ቀን ለማሳለፍ የምታስቢበት ምክንያት አይኑር። ውሻሽን የታመመ ራኩን (የዱር እንስሳ) ቢነክሰው፣ ክትባቱ ያልተቋረጠ ከሆነ ማጠናከሪያ ተሰጥቶት 45 ቀን ቤት ውስጥ ይጠበቃል። ጭራሽ ያልተከተበ ከሆነ ግን ለወራት ተለይቶ መቆየት ወይም መገደል ነው ዕጣው።

የቦቢ አሳዳጊ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የቦቢ መዝገብ ላይ በ1 ዓመቱ "ዲኤችፒፒ" ተጽፏል፣ የሚያበቃበት ቀን ግን የለም። እህቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ውሻዋን ይዛ ልትመጣ ነው፤ የአገር ቤት ክትባት ሰርተፍኬቷ ለላይሰንስ ይበቃል?

ወረቀት በእጄ
ከኋላው ልጀምር፤ ላይሰንሱ ሳይሆን መግቢያው ነው ጊዜ የሚፈልገው። ኢትዮጵያ የውሻ እብደት በብዛት ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለተመደበች፣ ከኦገስት 1፣ 2024 ጀምሮ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ደንብ ጥብቅ ነው። ውሻው ቢያንስ 6 ወር የሞላው ይሁን። መጀመሪያ ማይክሮቺፕ፣ ቀጥሎ ክትባት፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ክትባቱ አይቆጠርም። ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ የመከላከያ መጠኑ እንዲለካ ደም ተወስዶ ሲዲሲ ዕውቅና ወደሰጠው ላቦራቶሪ ይላካል፤ ደሙ ከተወሰደ በኋላም ከመግባቱ በፊት 28 ቀን ማለፍ አለበት። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚከተብ ውሻ ቢያንስ 58 ቀን ቀድማ ትጀምር። የደም ውጤቱ ከሌለ 28 ቀን በራሷ ወጪ ኳራንቲን አለ። ሲዲሲ የመዘገበው የእንስሳት ማቆያ ባለበት አውሮፕላን ማረፊያ ብቻ ነው የሚገባው፤ ማቆያው ቀድሞ ይያዛል፣ ውሻው እዚያ ተመርምሮ በአሜሪካ ክትባት እንደገና ይከተባል። ለዲሲ ላይሰንስ ያንን አዲሱን ሰርተፍኬት አቅርቡ፤ ዲስቴምፐሩን ደግሞ እዚሁ ክሊኒክ ብታስከትቡት ይቀላል።

ክሊኒክ ውስጥ የምሠራ
ስለ ቦቢ፦ የቀድሞው ክሊኒክ ጋ ደውለሽ የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን ያለበትን መዝገብ በኢሜይል ይላኩልሽ። የ1 ዓመቱ ማጠናከሪያ በብዙ ክሊኒክ ለ3 ዓመት ይመዘገባል፤ ከሆነ እስከ 4 ዓመቱ ይሠራል። ለ1 ዓመት ከመዘገቡት ግን አልፎበታል፤ እንደ ቡችላ ከዜሮ አይጀምርም፣ አንድ ማጠናከሪያ ይበቃዋል። በዚያው ቀን ሌፕቶውንም ቢጀምር አንድ ምልልስ ይቀርልሻል።