የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት ለማየት ስድስት ኪሎ መሄድ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በሚቀጥለው ወር ከአሜሪካ ለጥቂት ቀናት ወደ አዲስ አበባ ይመጣሉ። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ከተሰጠ በኋላ እዚያው ስድስት ኪሎ የተማሩ በመሆናቸው፣ አሁን ሙዚየም የሆነውን ሕንፃ፣ በተለይም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን መኝታ ቤት ማየት ይፈልጋሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ግን ረጅም ሰዓት መቆም አይችሉም። ሌላውን ክፍል ሁሉ ባንዞር፣ መኝታ ቤቱ ብቻውን ያስኬዳል?

መልስ 1፦
በእኔ አስተያየት ያስኬዳል። ትልቅ የዙፋን አዳራሽ የሚጠብቅ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ክፍሎች ከነመታጠቢያ ቤቱ ሰው የኖረባቸው ቤቶች ይመስላሉ፣ እኔም የወደድኳቸው ለዚሁ ነው። መስተዋቱን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን በመጎብኘት ላይ ሳሉ በተነሣው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጥይት የበሳው ቀዳዳ አለበት። ስለዚያ ግርግር ብዙ አንብቤያለሁ፤ ሆኖም ጠዋት ጠዋት ፊት በሚታይበት መስተዋት ላይ ያችን ቀዳዳ እስካይ ድረስ ነገሩ የሩቅ ታሪክ ሆኖብኝ ነበር።

ክፍሎቹ ፎቅ ላይ ስለሆኑ ደረጃ መውጣት ግድ ነው። አባትሽ ሳይደክሙ መጀመሪያ ወደዚያ ውጡ፤ ከልጅነት እስከ ሞት ያለውን የሰው ሕይወት ተከትሎ የተደራጀው የባህል ትርኢት አቅም ከተረፈ ይታያል።

መልስ 2፦
በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከሕንፃው ፊት ለፊት ያለውን፣ ወዴትም የማያደርሰውን ደረጃ ሳታዩ አትግቡ። ጣሊያኖች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንድ እርከን እየቆጠሩ የሠሩት ሲሆን፣ ከድል በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ይህ እንኳ ጉልበት አይጠይቅም፣ ከታች ሆኖ ማየት ይበቃል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩትም በዚሁ ግቢ ነው።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምክራችሁን በስልክ ሳነብላቸው አባቴ ሳቁ። «አንበሳውንስ በተማሪነቴ አራት ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ፤ መስተዋቱን ግን ማን አስገብቶን!» አሉኝ። እንግዲህ በቀጥታ ወደ ፎቁ እንወጣለን።