በጥቢ ብርድ ደብረ ብርሃን ላይ የዕለት ደስታችሁ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ከ«ቆላ ያደገ»

ለደብረ ብርሃን ነዋሪዎች በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በሥራ ዝውውር ከሸዋ ሮቢት ወደዚህች ከተማ ከመጣሁ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። ሐምሌንና ነሐሴን በጭቃና በጭጋግ ካሳለፍኩ በኋላ መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ መከራው ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ጥቅምት ሲጋመስ ግን ያልጠበቅሁት ብርድ ከተፍ አለ። ሌሊት ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ እተኛለሁ፤ ጠዋት ፊቴን የምታጠብበት ውሃ ጣቴን ያደነዝዘኛል፤ ባልደረቦቼ ደግሞ «ገና ኅዳርና ታኅሣሥ አሉ» እያሉ ይስቁብኛል።

በዚህ ወቅት ከተማዋ ምን ደስታ እንዳላት ስጠይቃቸው አንዱ ወደ አንኮበር ውጣ፣ ሌላው ወደ ጓሳ ሂድ ይለኛል። ቦታዎቹ ያማሩ መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የእኔ ጥያቄ ስለ ጉዞ አይደለም። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት የሚመላለስ ሰው ከአስፋልቱ ብዙ ሳይርቅና ኪሱን ሳይጎዳ በየዕለቱ የሚያገኘው፣ «ይህስ በሌላ ወር አይገኝም» የሚያሰኝ ትንሽ ነገር ምንድን ነው? በዚያውም ላይ፣ ያለንበትን ወቅት ጸደይ ልበለው ወይስ መጸው? ቢሮ ውስጥ ተከራክረን አልተስማማንም።

መልስ፦ ከ«የበሬሳ ማዶ»

ወንድሜ፣ እንኳን ደኅና መጡ። ከሁሉ አስቀድመው ፀሐይ መሞቅን ይማሩ። ቆላ ያደገ ሰው ፀሐይን የሚያውቃት የሚሸሻት ነገር አድርጎ ስለሆነ ይህን እንደ ዋዛ ሊያየው ይችላል፤ እኛ ዘንድ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት ቢወጡ ብርሃኗ እንጂ ሙቀቷ አይገኝም። ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ፊቱን ወደ ምሥራቅ የመለሰ፣ ነፋስ የማያገኘው የድንጋይ ግንብ ይፈልጉና ጀርባዎን ያስደግፉ። ድንጋዩ ሌሊቱን ሙሉ የጠጣውን ብርድ እስኪተፋ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሙቀቱ በጋቢው አልፎ ትከሻዎን ሲያገኘው ዐይንዎ በራሱ ይከደናል። ግንቡን ተደግፈው የተቀመጡ አዛውንቶች ካሉ በፊታቸው ቆመው እንዳይጋርዷቸው ይጠንቀቁ። ቦታው የማንም ባይሆንም ፀሐይዋ ግን ቀድሞ የመጣው ሰው ናት።

ብርዱ ለምን ክረምቱ ካለፈ በኋላ እንደሚብስ ሳይገርምዎት አይቀርም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በክረምት ደመናው ልክ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት እንዳታጣ ይጠብቃታል፤ ጥቅምት ላይ ደመናው ሲገፈፍና አየሩ ሲደርቅ ሙቀቱ በጠራው ሰማይ በኩል ይወጣል፤ በዚህ የተነሣ ሌሊቱ አንዳንዴ ከዜሮ ዲግሪ በታች ወርዶ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይንሸራተታል፤ እኔም ከበሬሳ ወንዝ ዳር ተከራይቼ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን በጉልበቴ አውቄዋለሁ። ስለዚህ ቤት ሲፈልጉ ከወንዙ ራቅ፣ ከፍም ያለውን ይምረጡ።

መልስ፦ ከ«የባሕረ ሐሳብ ተማሪ»

ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ መጸው ነው። በአገራችን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ጸደይን ገበሬው በልግ የሚለው ሲሆን መጸውን ደግሞ አያቶቻችን ጥቢ ይሉታል። ስሕተቱ የመጣው የፈረንጆቹ የአበባ ወቅት ጸደይ ተብሎ ስለ ተተረጎመና የእኛ አበባ ደግሞ በመስከረም ስለሚፈነዳ ይመስለኛል። በቁጥሩ ከሄድን አደይ አበባ በብዛት የሚታየው ክረምቱ ገና ሳይፈጸም ነው፤ ይህን ለባልደረቦችዎ ቢነግሯቸው ክርክሩ እንደ አዲስ ይነሣል እንጂ አይበርድም።

ለእኔ የዚህ ወቅት ደስታ ሌሊቱ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ወርኃ ጽጌ ስለሆነ በየሳምንቱ ለእሑድ አጥቢያ በየቤተ ክርስቲያኑ ማኅሌት ይቆማል። ዜማውን የማያውቅ ሰው እንኳ ጋቢውን ተከናንቦ ከቅጽሩ ውስጥ ቢቆም ከበሮውና ጸናጽሉ ብርዱን ያስረሱታል፤ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ሰማዩን ቀና ብሎ ይመልከት። ከተማዋ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ስሟን ያገኘችው ከሰማይ በታየ ብርሃን ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። በክረምት ደመና ያ ብርሃን ባልታየ ነበር እያልኩ ለራሴ አስባለሁ። ኅዳር 12 ቀን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ጥራጊውን አውጥቶ ሲያቃጥልና ጭሱ መንገዱን ሲሞላው አይደንግጡ፤ ኅዳር ሲታጠን ነው። ብዙ ሰው ልማዱን በኅዳር 1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከጨረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጋር ያያይዘዋል። ልጆች ግን በእሳቱ ዙሪያ የሚሰበሰቡት ለመሞቅ ነው።

መልስ፦ ከ«የጠባሴዋ»

ከላይ የጻፉት ወንድሞቼ ሁለቱም መልካም ብለዋል፤ ይሁን እንጂ አንደኛው በ3 ሰዓት ግንብ ተደግፎ፣ ሌላኛው ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር፣ ሥራ የሌለባቸው ሰዎች መሰሉኝ። ጠያቂው ሠራተኛ ነኝ ብለዋልና እኔ ከሥራ መልስ በእጅ ይዘው ስለሚገቡት ነገር ልንገራቸው።

የባቄላ እሸት እንዳያመልጣቸው። ከመስከረም መጨረሻ አንሥቶ እናቶች በመንገድ ዳር በጆንያ ላይ ክምር ክምር አድርገው ይሸጡታል፤ ቅርፊቱን እየፈለፈሉ ሲሄዱ ቤት ሳይደርሱ ያልቃል። ቀጥሎ የገብስ እሸት ይመጣል። ዛላው በእሳት ተለብልቦ፣ በመዳፍ ታሽቶ፣ ገለባው እፍ ተብሎ እንኩቶ ሲሆን ያለው ሽታ ከማንኛውም የቡና ቤት ሽታ ይበልጥብኛል። እንኩቶ የሚበላው ትኩሱን፣ እጅን ጥላሸት እያስነካ ነው፤ በሳህን ላቅርበው ያለ ሰው ጣዕሙን ያጣዋል። እሸቱ ሲያልፍ ቆሎው ይተካል፤ ለእርሱም ልጡ በቀላሉ የሚለቀውን ሰነፍ ቆሎ የሚባለውን የገብስ ዓይነት ጠይቀው ይግዙ። የደብረ ሲናን ቆሎ በመኪና ሲያልፉ ገዝተው ይሆናል። ቤት ውስጥ በሸክላ ምጣድ የተቆላውን ግን ትኩሱን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው መቀነትዎ ሥር ቢያኖሩት ለሆድም ሙቀት ይሆናል፤ ወንዶች በኪሳቸው ይይዙታል።

ንፍሮ የመቀቀል ሐሳብ ካለዎት ከምሽቱ ገና ይጣዱት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በሸዋ ሮቢት ለሚያውቁት ሰዓት ባቄላው አይበስልም። እኔ ከደጋ ተወልጄ ይህን ያወቅሁት ቆላ የሄድኩ ጊዜ ንፍሮዬ ሲገነፋብኝ ነው። ዘግይቶ መብሰሉ ግን ክፉ አይደለም፤ ኩበቱ እየነደደ፣ መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ማድቤት ይጠጋል።

መልስ፦ ከ«የመንዝ ልጅ»

ደስታውን አልቃወምም፤ ከከተማ ውጭ ላለው ወገኔ ግን የዚሁ የጠራ ሰማይ ነገር እንደዚህ አይደለም። ዘግይቶ የተዘራ ባቄላና ምስር በአንድ ሌሊት ውርጭ ሊጠቁር ይችላል፤ አባቴ በጥቅምት ምሽት ኮከብ ሲበዛ እያየ ዝም የሚለው ለዚህ ነበር። ከተሜው «እንዴት ያለ ውብ ሌሊት ነው» ሲል እኔ ዛሬም የምሰማው ያንን ዝምታ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ጠያቂውን ባዶ እጃቸውን አልሸኝም። ሁለት ብርድ ልብስ ከሚደርቡ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ አንድ ባና ይግዙ። ሲነኩት ይሻክራል፣ ሲያዩት ጥቁርና ከባድ ነው፤ ከውስጡ ገብተው እግርዎ መሞቅ ሲጀምር ግን ከውጭ ያለው ውርጭ ራሱ የደስታው አካል ይሆናል፤ ሞቃት አገር ያለ ሰው ይህን በምንም ሊያገኘው አይችልም። እንዲሁም «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ፣ ጽጌን የማይጾም ሰው ቀቅሎ መረቁን የሚጠጣበት ጊዜ ይኸው አሁን ነው። በኋላ ቢያስታውሱት እስከ ገና መጠበቅ ይኖርብዎታል።

ከጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ 3 ሰዓት ላይ ከተከራየሁበት ግቢ ውጭ ያለውን ግንብ ተደገፍኩ። መጀመሪያ እንደ ሥራ ፈት የሚያዩኝ መስሎኝ ስልኬን አውጥቼ የተጠመድኩ መሰልኩ፤ ጥቂት ቆይቼ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። አጠገቤ የነበሩት አባት «ከየት ነህ?» አሉኝ፤ ከሸዋ ሮቢት ብላቸው ሳይስቁ ወደ ጎን ጠጋ ብለው ሞቅ ያለውን ድንጋይ ለቀቁልኝ። ባናውን የምገዛው ደመወዝ ሲወጣ ይሆናል። እንኩቶውን ግን ሁለት መንገድ ዞሬ ፈልጌ አጣሁት፤ የት ይገኛል?

መልስ፦ ከ«የጠባሴዋ»

እንኩቶ ተዘጋጅቶ ሲሸጥ ብዙም አያገኙትም፤ እሸቱን ገዝተው ራስዎ መለብለብ አለብዎት። የገብሱ ዛላ ቢጫ ሳይሆን ገና አረንጓዴ መሆኑን አይተው ይግዙ፤ በዚህ ሳምንት ካልፈጠኑ ይደርቃል። ክብሪት ይዘው ግቢ ውስጥ ጥቂት ገለባ ያቀጣጥሉ፤ የአከራይዎን ልጆች ከጠሩ ማሸቱን እነርሱ ያውቁበታል።