እናቴ «ልጁን ተይልኝ፤ ፊደል ላስቆጥረው» ትላለች

የቀሃ ልጅ (ጎተንበርግ፣ ስዊድን፤ ለክረምቱ ጎንደር)

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፍላችሁ ቀሃ አካባቢ ካለው ከእናቴ ቤት ሆኜ ነው። የሰባት ዓመት ልጄን ይዤ ከመጣሁ አምስት ሳምንት አለፈኝ፤ ለመመለስ ሁለት ሳምንት ቀርቶናል። ልጁ ነሐሴ ውስጥ አንደኛ ክፍል ይገባል።

ጎተንበርግ ሳለን ልጄ ፊደል ያውቃል ብዬ እኮራ ነበር። ከሀ እስከ ፐ በዜማ ሲወርደው አንዲት አይስትም። የመጣን ሰሞን እናቴ ስፌቷን ይዛ ደጃፍ ተቀምጣ ሳለ፣ ከስንደዶዋ አንዱን መዘዘችና ገበታው ላይ «ቱ»ን ነካች። «ይህ ማን ነው?» አለችው። ልጄ ዝም አለ። ከዚያ ከላይ ከሀ ጀምሮ በለሆሳስ እያዜመ፣ መደዳውን በጣቱ እየቆጠረ ወረደና ተ ላይ ሲደርስ «ተ፣ ቱ» አለ። «ሞ»ን ስትነካበት እንደገና ከሀ ጀመረ። እናቴ ስንደዶውን ጭኗ ላይ አኑራ «ዜማው ነው እንጂ ፊደሉ አልገባውም» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ነገር ነው የምትለው፤ «ለአንድ ዓመት ተይልኝ። ከየኔታ ዘንድ ይዋል፣ መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ይግባ፣ አንባቢ አድርጌ እመልስልሻለሁ።» እሷ ማንበብ የቻለችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ሁለት ልጅ ከወለደች በኋላ ነው። ዛሬም እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው እያቆመች ነው የምትጽፈው። ለልጄ በየፋሲካው ደብዳቤ ትልካለች፤ የማነብለት ግን እኔ ነኝ። ይህን ስታውቅ ነው ሆዷ የባሰው።

ባለቤቴ በስልክ «የማይታሰብ ነው» ብሎኛል። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ልጁ ዓመት እዚህ ቢቆይ እዚያ ያለው ወረቀቱና ትምህርቱ ምን ይሆናል? ይዤው ብሄድስ እንዴት አድርጌ በእርግጥ አንባቢ ላድርገው?

ከስቶክሆልም

እህቴ፣ እዚህ አገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬአለሁ፤ ሦስት ልጆችም አስተምሬአለሁ። ሕጉን ልንገርሽ። በስዊድን ትምህርት ግዴታ የሚሆነው ልጁ ስድስት ዓመት ከሚሞላበት ዓመት መኸር ጀምሮ ነው፤ ይህም ከ2018 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ስለዚህ ልጁ በምዝገባ እዚያ ነዋሪ ሆኖ ሳለ ከክፍል ቢጠፋ ትምህርት ቤቱ ይጠይቃል፤ ለማዘጋጃ ቤቱ ሳያሳውቁ መቅረት አይቻልም። የልጅ አበሉም በወር 1250 ክሮነር የሚከፈለው ልጁ ከአገር ውጭ የሚቆየው ከስድስት ወር የማይበልጥ ሲሆን ነው። ዓመት ይቆያል ካልሽ ይቋረጣል፤ ዝም ብለሽ ስትወስጂ ከቆየሽ ደግሞ ኋላ መልሺ ትባያለሽ።

ሌላው፣ ብዙዎቻችን የማንጠቀምበት መብት አለ። በአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ቢያንስ አምስት ተማሪዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን መማር ከፈለጉና ብቁ መምህር ከተገኘ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የማስተማር ግዴታ አለበት። አማርኛው በቤት ውስጥ የዕለት ተዕለት መግባቢያ መሆን አለበት። የእኛ ወላጆች ቅጹን ሳይሞሉ ይቀሩና «መምህር የለም» ይላሉ። አምስት ቤተሰብ አሰባስቢና አብራችሁ አመልክቱ።

የአዘዞ ልጅ (ዋሽንግተን)

እኅቴ፣ ስለ ሕጉ እኔ አላውቅም። ግን «ስንደዶ» የሚለውን ሳነብ ሥራ ቦታ ሆኜ አለቀስኩ። እናቴም በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደጃፍ ተቀምጣ ነበር የምትሰፋው።

ለእኅቴ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ በየወሩ እልካለሁ። አንድም ወር አጓድዬ አላውቅም፤ ሁለት ሥራ የያዝኩትም ለዚህ ነው። ባለፈው ዓመት ትንሿ ከደብተሯ ቀዳ «እናመሰግናለን እታለም፣ ሦስተኛ ወጣሁ» ብላ ጽፋ በፎቶ ላከችልኝ። መስመሩን ጠብቃ፣ አራት ነጥቡን ሳትረሳ። የእኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስልኩን አየና «ምን ይላል?» አለኝ። በላቤ የማስተምራት የእኅቴ ልጅ የጻፈችውን የገዛ ልጄ አያነበውም። ያን ቀን ገንዘቡን የት እንዳዋልኩ ሳይሆን ጊዜዬን የት እንዳዋልኩ ነው የጠየቅሁት። ስለዚህ እናትሽን አትፍረጂባቸው።

እናት ከለንደን

እኔ ግን አትተዪው እላለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ነው። አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ መንገድ ሲዘጋና ስልክ ሲቋረጥ ጎተንበርግ ሆነሽ እንዴት ትችይዋለሽ? ለጉብኝት ማምጣትና ትቶ መሄድ አንድ አይደለም።

ስለ ንባቡ አንድ የማውቀውን ልንገርሽ። እንግሊዝ ውስጥ ከ2012 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ልጆች በ40 ቃላት ይፈተናሉ፤ ሃያዎቹ ትርጉም የሌላቸው ናቸው። መጀመሪያ ልጄ ከንቱ ቃል ማንበቡ አናዶኝ ነበር፤ ኋላ ግን ገባኝ። ትርጉም የሌለውን ቃል መገመት አይቻልም፤ ፊደሉን ያወቀ ብቻ ያነበዋል። በአማርኛም ሞከርኩት። «ሚቶ»፣ «ጉሌ»፣ «ዳፊ» እያልኩ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፍኩለት። ዜማው እዚያ ላይ አያገለግልም።

ጡረተኛ መምህር (ጎንደር)

ልጄ፣ አንደኛ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ። እናትሽ ያዩት እውነት ነው፤ የእኔም ተማሪዎች በየዓመቱ እንዲሁ ነበሩ። የኔታዎች ይህን ከእኛ አስቀድመው ያውቁታል። ሀሁን ከላይ ወደ ታች አስነብበው አይበቃቸውም፤ ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያስኬዱታል። ከዚያ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲሉት የለመደው መስመር ይፈርሳል፤ ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ካላወቀ ወዴትም አይሄድም። ወደ መልእክተ ዮሐንስ የሚሻገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዳዊቱም ይከተላል።

ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉና ልጅ ያስፈራሉ። ቅጥያውን ግን አሳዪው። ሁለተኛው፣ ካዕቡ፣ ወገቡ ላይ ጭረት አለው፦ ቡ፣ ሙ፣ ሱ። አምስተኛው፣ ኃምሱ፣ እግሩ ላይ ቀለበት አለው፦ ቤ፣ ሜ፣ ሴ። ይህን ያየ ልጅ አዲስ ፊደል ስትሰጪው ቤተሰቡን ራሱ ይገምታል። ከደንቡ የሚወጡትን፣ እንደ ሩ እና ፉ ያሉትን፣ ለብቻ አስጠኚው። ከወረቀት ላይ አንድ ፊደል የምታሳይ ቀዳዳ ቁረጪና ገበታው ላይ አንሸራትቺ፤ ጎረቤቱን ካላየ ማዜም አይችልም።

ሀ፣ ሐ፣ ኀን አሁኑኑ አታሸክሚው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ከየድምፁ አንዱን ብቻ ብትይዢ 196 ይቀራሉ፤ ሌላው ሲያድግ ይደርሳል።

ከሁሉም በላይ ግን ቤት ውስጥ አማርኛ ተናገሩ። በፊደላችን መጥበቅና መላላት አይጻፍም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ መኖር ነው። ይህን ለይቶ የሚያነበው ቋንቋውን በጆሮው የጠገበ ልጅ ብቻ ነው። ልጁን ግን ከእናቱ አትለዪው።

የደብር ልጅ (ሂውስተን)

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ስለ ፊደሎቹ የሰጡት ምክር አሳዝኖኛል። እኔ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥር ነው ያደግሁት። «ንጉሡ ሠ» የሚባለውን ከ«እሳቱ ሰ» ለይተን ካላወቅን የኔታ አያሳልፉንም ነበር። በግእዝ «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው፣ «ሠዐለ» ደግሞ ሥዕል ሣለ። «ሰአሊ ለነ» የሚለውን በሠ የጻፈ ልጅ እመቤታችንን ሥዕል ሣዪልን ነው ያላት። ይህን ለኋላ እናቆየው ካልን ኋላ የሚባለው አይመጣም። እኛ ውጭ ያለን ሰዎች የምናስተላልፈው ያልተጎደለውን ነው።

ጡረተኛ መምህር

ልጄ፣ ለግእዝ ተማሪ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔም የየኔታ ተማሪ ነኝ። ይህ ልጅ ግን «ቱ»ን ለማግኘት ከሀ የሚነሣ ልጅ ነው። መጀመሪያ ቱን ያግኝ። አማርኛ ጋዜጣውም መጽሐፉም እነዚህን ፊደሎች እያቀላቀለ ሲጽፍ እናየዋለን፤ አንባቢው ግን አልተቸገረም።

የደብር ልጅ

ጋዜጣ ስለተሳሳተ ልጆቻችን ይሳሳቱ ማለት አይገባም።

የቀሃ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመምህርን ቀዳዳ ወረቀት ትናንት ከጫማ ካርቶን ቆርጬ ሠራሁ። ልጄ መጀመሪያ ተቆጣና ወረወረው፤ ማታ ግን ከአያቱ ጋር አልጋ ላይ ሆኖ «ሙ» እና «ቤ»ን ሳያዜም አገኛቸው። ከለንደን ያለሽው፣ «ሚቶ»ን ስጽፍለት «ማለት ምንድን ነው?» እያለ ነጋ።

የስቶክሆልሙን ምላሽ ግን ለእናቴ ጮክ ብዬ ማንበቤ ጥፋት ሆነ። «ስድስት ወር» የሚለውን ይዛ «እንግዲያው እስከ ጥምቀት ተይልኝ፤ ከዛሬ ቢቆጠር ስድስት ወር አይሞላም» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ከስቶክሆልም

የስድስት ወሩ ጉዳይ አበሉን ብቻ ነው የሚመለከተው። የትምህርት ግዴታው ለብቻው ነው፤ ነሐሴ ላይ ከክፍል ከቀረ ያው ይጠየቃል። ይህን አስረጂያቸው።

የአዘዞ ልጅ (ዋሽንግተን)

ለእናት ይህ እንዴት ይነገራል?

የደብር ልጅ

እኅቴ፣ ለእናትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ለመምህር ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ ዐይኑ ዐን ለኋላ ይቆይ ካሉ፣ ልጁ «ዐይን» ብሎ ሲጽፍ በየትኛው ሊጽፍ ነው?