የድሮ የጨዋታ ሰሌዳ ወረቀቱ ተላቀቀብኝ

ሰላም ወገኖች፣ የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። የመዝናኛ ፓርኮችን የድሮ የሰሌዳ ጨዋታዎች እሰበስባለሁ። ከሁሉም የምሳሳለት የአሜሪካው ጨዋታ አምራች ፓርከር ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው የዲዝኒላንድ ሞኖሬል ጨዋታ ነው። ካሊፎርኒያ ያለው የዲዝኒላንድ ፓርክ ሞኖሬሉን፣ ማለትም በአንድ ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ባቡር፣ ሥራ ባስጀመረ በዓመቱ ማለት ነው። አጎቴ ከአሜሪካ ሲመለስ ያመጣልኝ ነው። እሁድ እሁድ ቡና እየተፈላ ከእህቴ ልጆች ጋር እንጫወትበታለን። ጌጥ አድርጎ መቆለፍ አልወድም፤ የተሠራው ሊጫወቱበት ነው።

ዘንድሮ ክረምት የደሴ ጉም ቤት ድረስ ገባ። የቁም ሳጥኑ ጀርባ ረጠበ። ሰሌዳው መታጠፊያው ላይ ሥዕሉ ያለበት ወረቀት ከካርቶኑ ተላቀቀ፤ አራት ጣት ያህል ይሆናል። ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ አደረቅኩት። ከዚያ አንዱን ጫፍ የአናጢ ኮላ በውሃ አቅጥኜ በቀጭን ብሩሽ ቀባሁና ከባድ መጽሐፍ ጫንኩበት። ጠዋት ሳነሳው ወረቀቱ ተጨማዷል፣ ካርቶኑም ጎብጧል። ጫማ ሰፊው ጎረቤቴ ማስቲሽ ሞክር ብሎኝ ነበር፤ እድፍ እንዳይተው ፈርቼ ተውኩት።

ሦስት ጣት ያህሉን ገና አልነካሁትም። ወረቀቱ ሳይጨማደድ፣ ሰሌዳውም ሳይጎብጥ ለመለጠፍ የትኛውን ሙጫ፣ እንዴት አድርጌ ልጠቀም?