ካዎ ያይ ያየሁት ቀይ ወፍ ምን ይባላል?

ጠያቂ፦ ባለፈው ሳምንት ታይላንድ፣ ካዎ ያይ ብሔራዊ ፓርክ ነበርኩ። ዛፍ ጫፍ ላይ ደረቱ እንደ ፍም የቀላ ወፍ አየሁ። ራሱና ጀርባው ጥቁር ነው። አብረውት ቢጫዎችም ነበሩ። ሌላ ዘር ናቸው?

መልስ 1፦ አይደሉም፣ ሴቶቹ ናቸው። ስካርሌት ሚኒቬት ይባላል። ቀዩ ወንዱ ነው። በመንጋ እየዞሩ ከቅጠል ላይ ነፍሳት ይለቅማሉ። ጎጆዋቸውን በሸረሪት ድር ያያይዙና ውጪውን በቅርፊት ቁራጭ ይሸፍኑታል። ከታች ስታየው የቅርንጫፉ እብጠት ይመስልሃል።

መልስ 2፦ የሩቅ ዘመዱ እኛም አገር አለ። ወንዱ ጥቁር ሆኖ ትከሻው ላይ ቀይ አለው። የሱም ሴት ቢጫ አላት።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ቪዲዮዬን ደግሜ አየሁት። አንዷ ቢጫ ወፍ አባጨጓሬ በአፏ ይዛ ቅርንጫፉ ላይ ደጋግማ ስትመታው ይታያል። ያኔ ዓይኔ ቀዩ ላይ ብቻ ነበር።