እናቴ ማታ ማታ «ቤቴ ልሂድ» ትለኛለች። ያለችው ግን ቤቷ ነው

የቧንቧውሃ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደሴ ነው፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ሰኞ ገበያ በርበሬ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ማንበብ መጻፍ አትችልም፤ የማን ዱቤ ስንት እንደቀረ ግን በጭንቅላቷ ነበር የምትይዘው። አንድም ሰው አጭበርብሯት አያውቅም።

ከጀመራት ሦስት ዓመት ሆነ። መጀመሪያ ያየሁት ቡናው ላይ ነው። እኛ ቤት ቡና በጨው ነው። ጨው ትጨምርና ጀበናውን ትጥዳለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትጨምራለች። ጎረቤቶቻችን አቦሉን ዝም ብለው ይጠጡት ነበር። አንዷ ብቻ «ዛሬስ አሞሌውን እንዳለ ነው የከተትሽው» ብላ ሳቀች። እናቴም አብራ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ ሶላቱ መጣ። መግሪብ ትሰግድና መስገጃዋን አጣጥፋ ትቀመጣለች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ወይኔ፣ መግሪብ አለፈኝ» ብላ ዉዱእ ልታደርግ ትነሳለች። አንድ ማታ አራት ጊዜ ቆጠርኩ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። በዚያ ውሃ አራቴ ታጥባ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ሰግደሻል ስላት ትቆጣለች። «ከሶላት የምትከለክይኝ አንቺ ማን ነሽ?» አለችኝ። በንዴት ይሁን፣ የእውነት ጠፍቻት ይሁን እስካሁን አላውቅም።

አሁን የከፋው ማታው ነው። 11 ሰዓት ሲሆን ሻሿን አጥልቃ «ቤቴ ልሂድ፣ መሸብኝ» ትላለች። የምትለው ኩታበር ያለውን የአባቷን ቤት ነው። ያ ቤት ከፈረሰ ስንት ዘመኑ! ባለፈው ወር ዘይት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ የለችም። ሰፈሩ ሁሉ ፍለጋ ወጣ። መናኸሪያ ነው የተገኘችው። ኩታበር መኪና ላይ ተሳፍራ፣ መሐረቧን ፈትታ ሳንቲም ትቆጥራለች። ለረዳቱ የዘረጋችለት ስሙኒ ነው። ልጁ አልሳቀባትም። «እማማ፣ የመጨረሻው መኪና ወጥቷል፣ ነገ በጠዋት አንደኛ ወንበር እይዝልዎታለሁ» ብሎ ሻይ አስጠጥቶ አቆያት። አላህ ይስጠው።

ከዚያ ወዲህ ስወጣ ከውጭ እቆልፍባታለሁ። የልብስ ስፌት ሱቄን ዘግቼ መኪናዬን ቤት አምጥቻለሁ። ሪያድ ያለው ወንድሜ «አዲስ አበባ አረጋውያን በክፍያ የሚያዙበት ቤት አለ፣ እናስገባት፣ ብሩን እኔ እችላለሁ» ይላል። ኮምቦልቻ ያለችው ታላቅ እህቴ ደግሞ «ሰው ምን ይለናል!» ትላለች። እሷ እሁድ ሙዝ ይዛ ትመጣለች። እናቴ እንግዳ ስታይ አትጠይቁኝ! ምርቃቱ፣ ጨዋታው ይመጣል። እህቴም ሁለት ሰዓት ተቀምጣ «ደህና ናት እኮ» ብላ ትወርዳለች።

ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር። «እርጅና ነው» ብለው ቪታሚን ጻፉልን።

ባለፈው ሳምንት ጮኸሁባት። እጇን ይዤ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፣ በኃይል። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የምጠይቃችሁ፣ የሚታከም ነገር ነው ወይ? ማስገባቱስ? ያስገባ ሰው ካለ እውነቱን ይንገረኝ።

ሐረጎ

እናትን ከቤት ማስወጣት? ወሎ ላይ? ልጅ እያላት? እህቴ፣ ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው። ዱዓ አድርጊ፣ ትዕግሥት ይስጥሽ።

የቧንቧውሃ ልጅ

ወንድሜ፣ ዱዓውን አላቋረጥኩም። ማክሰኞ ማታ ግን መጥተህ አንድ ሌሊት እደርልኝ።

ነርስ ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ አብሽሪ። «እርጅና ነው» የሚለውን ተይው። ያረጀ ሰው የጎረቤቱ ስም ይጠፋበትና ማታ ሲተኛ ትዝ ይለዋል። 50 ዓመት ያፈላችው ቡና የጠፋባት ሴት ግን ታማለች። በእኛ ቋንቋ የመርሳት በሽታ ነው፣ በሕክምናው ዲሜንሺያ። አንድ በሽታ ብቻ አይደለም። ከ100 ሕሙማን ከ60 እስከ 70 የሚሆኑት አልዛይመር ነው ያለባቸው። ደም ግፊትና ስኳር የአንጎልን ደም ሥር ጎድተው የሚያመጡትም አለ።

አልዛይመር ከሆነ የሚያድን መድኃኒት የለም። ዶኔፔዚል የሚባል አለ፤ ለአንዳንዱ ትንሽ ይደግፋል፣ ለአንዳንዱ ምንም። እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት ግን መርሳትን የሚያመጡ፣ ሊታከሙ የሚችሉ ነገሮች መታየት አለባቸው። ስኳር አለባት? የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚንን ትወስዳለች? ለዓመታት የወሰደ ሰው ቪታሚን ቢ 12 ሊያንሰው ይችላል፤ የቢ 12 ማነስ ደግሞ ራሱን ችሎ ያስረሳል። የእንቅርት ሆርሞን ሲያንስም እንደዚሁ። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ወድቃ ጭንቅላቷን ተመትታ ታውቃለች? ከባድ ሐዘንስ ደርሶባታል? ድባቴም በሽማግሌ ሰው ላይ መርሳት መስሎ ይመጣል። ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፈሽ ሂጂ። ሐኪሙ ካልጠየቀሽ አንቺ ንገሪው።

አንድ ቀን ድንገት ከባሰባት፣ ማለት ትናንት ደህና የነበረች ዛሬ ከቀላቀለች፣ ወይም ቀን ሙሉ ከፈዘዘች፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሽንት ኢንፌክሽን ወይም የሳንባ ምች ይሆናል። ትኩሳት ላይኖራት ይችላል። ሳትውዪ ሳታድሪ ውሰጃት።

እንድትተኛልሽ ብለሽ ከመድኃኒት ቤት ዲያዚፓም እንዳትገዢ። ለጉንፋን የሚሸጠው እንቅልፍ የሚያመጣ ክኒንም ይቅር፤ ጭራሽ ያምታታታል። ሌሊት ለሽንት ስትነሳ ትወድቅና የዳሌ ስብራት ይዘሽ ትመጫለሽ። የማየው ነገር ስለሆነ ነው።

በሩን ከውጭ መቆለፉ ግን አስፈራኝ። ከሰል አለ፣ እሳት አለ። ቃጭል እሰሪበት። ሲከፈት ትሰሚያለሽ። አንቺ ሰፊ አይደለሽ? ስልክ ቁጥርሽን በቀሚሷ ውስጥ በክር ጥለፊው፣ በሁሉም ቀሚሷ።

የቧንቧውሃ ልጅ

ስኳር አለባት። ሜትፎርሚን ዘጠኝ ዓመት ወስዳለች፣ ግሊቤንክላማይድም አለ። ይሄን እስከዛሬ የጠየቀን የለም። መድኃኒቷን ራሷ ነበር የምትወስደው።

ነርስ ከኮምቦልቻ

ዛሬውኑ ቀምተሽ ቆልፊው። መዋጧን ረስታ ሶላቱን እንደደገመችው ክኒኑንም ትደግመዋለች። ግሊቤንክላማይድ ከተደገመ ስኳሯ ይወርዳል፣ ራሷን ትስታለች። አንዳንዱ «መርሳት ባሰባት» የምንለው ቀን ስኳር የወረደበት ቀን ነው። የሜትፎርሚኑን ነገር ለሐኪሙ ንገሪው እንጂ በራስሽ እንዳታቋርጪው።

የሆጤው

ኡስታዝ አይደለሁም፣ ከልጅነቴ የተማርኩትን ነው። ዐቅሉ የሄደ ሰው ላይ ግዴታው ተነስቷል። ስለዚህ ሰገደች፣ አልሰገደችም ብለሽ አትጨነቂ። አራቴም ትስገድ፣ ምን ጎደለብሽ? ውሃውን ግን አሙቂላት።

ሜሪላንድ

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። እዚህ ነርሲንግ ሆም፣ የመርሳት ሕሙማን ክፍል ውስጥ ስሠራ 12 ዓመቴ ነው። ወንድም ሐረጎ የፈረንጅ ነገር ያልከውን ልንገርህ።

በሩ በቁጥር ነው የሚከፈተው፣ እንዳይወጡ። ቀን ስምንት ሰው በእኔ እጅ ነው። ሌሊት ሰው ሲቀር አሥራ አምስት። አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አልጋ ላይ የዋለውን በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣለሁ፤ ካልተገላበጠ ተረከዙና ወገቡ ይቆስላል። የሚያሳዝኑም የሚያስቁም አሉ። አንዱ ሽማግሌ በየማታው ቦርሳ ይዘው አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ስለዚህ እናትሽ ብቻ አይደለችም «ቤቴ ልሂድ» የምትለው። ፀሐይ ስትጠልቅ የሚነሳ ነገር ነው፣ በሁሉም አገር። አትከራከሪያት። ቤቷ መሆኑን ብታስረጃት አታምንሽም፣ ስታምንሽ ደግሞ ትረሳዋለች። የቀረውን ንዴት ብቻ ይዛው ታድራለች። እኛ በስልጠና የተማርነውን ያ ረዳት ከሆዱ አውጥቶ አደረገው። «መኪናው ወጥቷል፣ ነገ እንሄዳለን፣ እስከዚያ ሻይ።» በቃ።

ሳይጨልም መብራት አብሪ። 10 ሰዓት ላይ እጇን ሥራ አስይዢው። እኛ ፎጣ እናስጣጥፋቸዋለን። ያጣጠፉትን ወስደን፣ ከበር ውጭ በትነን እንደገና እናመጣዋለን። አትሳቁ፣ ሰላም ያመጣል። የእናትሽ እጅ ምን ያውቃል?

ስለ ማስገባቱ። አንዲት የአገራችን ሴት እኛ ጋ ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚህ ኖረው ልጅ ያስተማሩ። በሽታው ሲገፋ እንግሊዝኛው ቀድሞ ሄደ። ሌላ ፎቅ ነበሩና አላውቃቸውም። ፋይላቸው ላይ ሌሊት ሌሊት ትጮኻለች ተብሎ ተጽፏል። አንድ ቀን ጠርተውኝ ሄድኩ። የሚጮኹት «ኧረ ውሃ አጠጡኝ» እያሉ ነው። ስንት ሌሊት እንደጮኹ አላህ ይወቀው።

እናትሽ አዲስ አበባ ብትገባ ቋንቋው አይጠፋባትም፣ ያ አንድ ነገር ነው። ቢሆንም ቤቱን ሳታዪ አትስጫት። በጠዋት አትሂጂ፣ በጠዋት ሁሉም ቤት ያምራል። ማታ ሂጂ፣ ሳትነግሪያቸው። ሌሊት ስንት ሠራተኛ እንደሚያድር ጠይቂ። የታሰረ ሰው ካየሽ ውጪ። እዚህ አገር ለሠራተኛ ምቾት ብሎ ሰው ማሰርም፣ በመድኃኒት ማደንዘዝም በፈረንጆቹ 1987 በወጣ ሕግ ክልክል ነው። በፊት ይታሰሩ ነበር ማለት ነው። የአንዱን አዛውንት ብርድ ልብስ ገልጠሽ ተረከዛቸውን እዪ። ወለሉ እብነበረድ መሆኑ አይሸውድሽ።

ደግሞ እህትሽ! የሙዟ እህትሽ። እሁድ ሁለት ሰዓት መምጣቷን ትታ አንድ ሌሊት ብቻዋን ትደር። ሌላ ክርክር አያስፈልግሽም።

የአባቱ ልጅ

እኔ አስገብቻለሁ። አባቴን። ደሴ ነው ያለሁት። አምስት ወንድማማች ነን፣ አምስታችንም ሥራ ላይ፣ ሚስቶቻችንም ሥራ ላይ። በወር አንዴ እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትሩን ሄጄ አየዋለሁ። አንዳንዴ ያውቀኛል፣ አንዳንዴ «ሹፌሩ መጣ» ይላል። ክብደት ጨምሯል፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል። «ሰው ምን ይላል» ያሉን ሰዎች አንድ ሌሊት አላደሩልንም፣ ስለዚህ የሚሉትን መስማት ትቻለሁ። የሚቆጨኝ ዘግይቼ ማስገባቴ ነው፤ እናቴ እሱን ስታነሳ ወገቧ ተጎድቷል።

መቄዶንያን የሚጠቁምሽ ሰው ይኖራል። እሱ ጧሪ የሌለውን፣ ጎዳና ላይ የወደቀውን ነው የሚያነሳው። ወንድምሽ መክፈል ከቻለ ያንን ቦታ አትሻሚ።

ሐረጎ

እኔ እኮ በክፋት አይደለም የተናገርኩት።

ሜሪላንድ

እናውቃለን ወንድሜ። ማክሰኞ ግን ሄደህ ነበር?

የቧንቧውሃ ልጅ

ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ደሟ ታየ። ቢ 12 አንሷት ተገኘ፣ መርፌ ጀምራለች። ነርሷ በውስጥ መስመር እንዳለችኝ ብዙ ተስፋ አላደርግም። ሐኪሙ ሌላውም እንዳለ ነግሮኛል፣ መርፌው የሚመልሰውን ያህል ይመልስ። ግሊቤንክላማይዱን አስቁሟታል።

ፎጣውን ሞከርኩት። ሁለት አጠፈችና «ሠራተኛሽ ነኝ እንዴ?» ብላ ወረወረችው። ማግስቱን ሰኞ ገበያ ሄጄ አምስት ኪሎ ዛላ በርበሬ ገዛሁ። 10 ሰዓት ላይ ሰፌድ አቀረብኩላት። ማንም ሳይነግራት መቀንጠስ ጀመረች። ነቀዝ የነካውን ወደ ግራ፣ ደህናውን ወደ ቀኝ። እኔ አንዱን ተሳስቼ ደህናው ላይ ብጥለው አንስታ አሳየችኝ። «ይሄ እርጥብ ነው፣ ሌላውን ያሻግትብሻል» አለች። ከዚያ ፊቴን ትክ ብላ አየችና «የማን ልጅ ነሽ አንቺ? በዚህ እጅሽ ዓይንሽን እንዳትነኪ» አለችኝ። መግሪብ ድረስ ስለ ኩታበር አልተነሳም። ከአምስት ቀን ሦስቱን ሠርቷል።

አዲስ አበባውን ቤት ገና አላየሁትም። ለወንድሜ ቁርጡን አልነገርኩትም። ለጊዜው ለቀን ሠራተኛ የሚሆን ብር እንዲልክልኝ ነግሬው ተስማምቷል፣ ጠዋት ጠዋት ሱቄን ልከፍት ነው።

እህቴን ደግሞ ቅዳሜ ማታ ጥያት ወረድኩ። እሷ ደሴ፣ እኔ ኮምቦልቻ እሷ ቤት። የኮምቦልቻ ሙቀት ደስ ሲል፣ ያለ ጋቢ ነው የተኛሁት። ሌሊት 8 ሰዓት ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት፣ በሹክሹክታ። «ሻሿን አድርጋ በር ላይ ቆማለች። ቃጭሉ ነው የቀሰቀሰኝ። ኩታበር ልሂድ ትላለች፣ ምን ልበላት?»

«የመጨረሻው መኪና ወጥቷል በያት። ሻይ አፍይላት» አልኳትና ዘግቼው ተኛሁ።